«ሙሉ» ብዬ ላኩት «መለ» ሆኖ መጣ፦ በሌዘርና በናይለን ዱቄት ናሙና ያሰራሁበት ታሪክ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን የምፅፈው ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ብቻ ሦስት ልጆች ሱቄ መጥተው ያንኑ ጥያቄ ስለጠየቁኝ ነው። «የሰራነው ነገር ቦክስ ይፈልጋል፣ በስሪዲ ፕሪንተር ያወጣነው ይሰበራል፣ ፎርማ ማስቀረፅ ደግሞ አቅማችን አይደለም፣ ምን ይሻላል?» ነው የሚሉት። እኔ እዛ ጥያቄ ውስጥ አንድ አመት ከምናምን ተንከራትቻለሁ፣ ብሬንም በልቶታል፣ ስለዚ እናንተ እንዳትደግሙት ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ለኔ መልሱ በሌዘር ጨረር የሚጋገር የናይለን ዱቄት ሆኖ ነው የተገኘው፣ ኤስኤልኤስ የሚሉት፣ ግን ስእሉን እንደ ዱቄቱ ፀባይ ካልሳላችሁት ውድ ቆሻሻ ነው ገዝታችሁ የምትመለሱት፣ እኔ አንድ ፌስታል ሙሉ አለኝ ማየት የፈለገ ይምጣ።

ድሬ የኖረ ሰው ያውቀዋል፣ ውሃ በተራ ነው፣ ስለዚ ሁሉም ቤት ሮቶ አለ። አክስቴ ቤቷ ሳቢያን ነው፣ ሮቶዋ ጣራ ላይ ነው ያለው፣ ምን ያህል ውሃ እንደቀረ የምታውቀው ልጅ አስወጥታ በእንጨት እያስመታች ከታች ሆና ድምፁን እየሰማች ነው። «ከመሀል በላይ ነው» ትላለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናት፣ ልክ ያልሆነች ቀን ግን እንግዳ በሞላበት ቤት እቃ ሳይታጠብ ያድራል። ተንሳፋፊ ኳስ ያለው መቆጣጠሪያ ገበያ ላይ አለ፣ ግን የድሬን ውሃ ታውቁታላችሁ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚሰራውን ነጭ ቅርፊት ኳሱ የሚንቀሳቀስበት ዘንግ ላይም ይሰራና ያደርቀዋል። እኔ ውሃውን የማይነካ ነገር አሰብኩ፣ ክዳኑ ላይ ተቀምጦ ወደታች ድምፅ እየላከ ርቀት የሚለካ ሴንሰር፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ባዶ የሚል ሦስት መብራት ያለው ትንሽ ሰሌዳ። ሰርኪዩቱ ሙያዬ ነው፣ ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ አካባቢ ነው ሱቄ፣ ስልክና ቻርጀር ስጠግን ነው የምውለው፣ በሁለት ሳምንት አለቀ። አመት የፈጀብኝ ቦክሱ ነው።

ቦክሱ ምን መሆን ነበረበት? አንደኛ ያለ ቪቴ በራሱ ጥፍር ጠቅ ብሎ የሚዘጋ፣ ምክንያቱም ጣራ ላይ ሆናችሁ ካቻቢቴ ይዛችሁ አንዲት ቪቴ ስትወድቅ ሮቶው ውስጥ ነው የምትገባው (ከልምድ ነው)። ሁለተኛ ክዳኑ እንዳይጠፋ ማጠፊያ ያለው። ሦስተኛ አንገት ያለው፣ ውሃ የማያስገባው አይነት ሴንሰር 20 ሴንቲሜትር ገደማ ድረስ ያለውን ቅርብ ነገር አያይም፣ ስለዚ ከውሃው ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። አራተኛ ፀሀይ።

መጀመሪያ አንድ ጓደኛዬ ጋር ያለች ተራ ስሪዲ ፕሪንተር ላይ ፒኤልኤ በሚባል ፕላስቲክ አወጣነው፣ ፕሪንተሯ የፕላስቲክ ክር እያቀለጠች የምትደረድረው አይነት ናት። በጣም ያምር ነበር። ግንቦት ላይ ጣራ ላይ ሰቀልነው፣ በሦስተኛው ቀን ወጥቼ ሳየው አንገቱ ወደ ጎን ተጠምዞ ክዳኑ እንደ ሻማ ወርዷል፣ ጓደኛዬ ከታች ሆኖ ፎቶውን ሲያይ «ዋርያ ቦክስህ እያለቀሰ ነው» አለኝ። ፒኤልኤ 60 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይለሰልሳል። አየሩ 35 ቢሆንም ጥቁር ሮቶ ክዳን ላይ እኩለ ቀን ላይ እጃችሁን አስቀምጡና እስከ ስንት መቁጠር እንደምትችሉ እዩት። ከዛ ኤቢኤስ የሚባል ሌላ ፕላስቲክ ሞከርን፣ ሙቀቱን እሱ ይችላል፣ 100 ዲግሪ አካባቢ ድረስ አይለሰልስም፣ ግን ጥፍሮቹ በሦስተኛና በአራተኛ መክፈት ላይ ቀጭ እያሉ ረገፉ። የሚሰበረው ሁሌ በአንድ መስመር ነው፣ ንብርብሩ በተጋጠመበት። ነገሩን ለአክስቴ ሳስረዳት የሀረር ስፌት አሳየኋት፣ ዙር በዙር ላይ እየተደረበ ነው የሚወጣው አይደል፣ ልዩነቱ ስፌት ላይ ዙሩ ከዙሩ ጋር በወስፌ ይጠላለፋል፣ የኛ ፕሪንተር ግን ዙሩን ከላዩ ላይ ለጥፎ ብቻ ነው የሚያልፈው። «ታዲያ አልሰፋህም፣ ደረደርክ እንጂ» አለችኝ። በቃ እሱ ነው።

እዚጋ አንድ ሰው ላመስግን። ከዛሬ ስንት አመት በፊት ከምድር ባቡር ወርክሾፕ ጡረታ የወጡ ቶርኖ ሰራተኛ ሰፈራችን አሉ፣ አሁንም ቤታቸው ሞርሳ ተክለው የሰው ስራ ይሰራሉ። የተሰበረውን ቦክስ ይዤ ሄድኩ። ኤቢኤሱን በአውራ ጣታቸው ጠቅ አድርገው ሰበሩትና «ይሄ እኮ ብስኩት ነው ልጄ» አሉኝ። ከመሳቢያቸው አንድ ነጭ ቦኮላ (ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት) አወጡ፣ ከናይለን ዘንግ የጠረቡት፣ መሬት ላይ ወረወሩት፣ በእግራቸው ረገጡት፣ ምንም አልሆነም። «ናይለን ካመጣህልኝ እጠርብልሃለሁ፣ ግን የአንተ ነገር ክብ አይደለም፣ ውስጡም ጉድጓድ ነው፣ በቶርኖ አይሆንም»። ጋሼ እንግዲያው ናይለን በምን ይሰራል ብላቸው «ድሮ በፎርማ፣ ዛሬማ እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው ቡናቸውን ጠጡ። ያን ቀን ማታ ነው ናይለን በምን በምን ይሰራል ብዬ ሳነብ እዚ ዱቄት ነገር ላይ የደረስኩት።

አሰራሩ እንዲ ነው። የናይለን ዱቄት አለ፣ ብዙ ጊዜ ናይለን 12 የሚባለው፣ ቅንጣቱ ከፀጉር ውፍረት ያነሰ፣ ከሰርገኛ ጤፍ ዱቄት የላመ። ማሽኑ ይሄን ዱቄት ሮለር ወይ መጥረጊያ በመሰለ ነገር አንድ አስረኛ ሚሊሜትር ያክል ስስ አርጎ ያነጥፈዋል። ክፍሉ በሙሉ ግሏል፣ ዱቄቱ ሊቀልጥ ትንሽ ሲቀረው ላይ ተይዟል፣ ናይለን 12 ዱቄት 180 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚቀልጠው፣ ማሽኑ 170 አካባቢ ይይዘዋል። ከዛ ሌዘሩ ይመጣና የእቃችሁን አንድ ቁራጭ ቅርፅ ይስልበታል፣ የነካው ቦታ ብቻ ይቀልጥና ይያያዛል። መደቡ አንድ ንብርብር ዝቅ ይላል፣ ሌላ ዱቄት ይነጠፋል፣ እንደገና ሌዘር። እንዲ እያለ ይሄዳል። ዋናው ውበቱ ያልቀለጠው ዱቄት ዙሪያውን ስለሚደግፈው ድጋፍ እንጨት ምናምን አይፈልግም፣ በክር ፕሪንተር አየር ላይ የተንጠለጠለ ነገር ስታወጡ የምታዩትን መከራ እዚ አታዩትም፣ ማጠፊያና ጥፍር ከነ ቦታው ይወጣል። ንብርብሩም እየቀለጠ ስለሚዋሀድ በሁሉም አቅጣጫ ጥንካሬው ይቀራረባል፣ በቁመት አቅጣጫ ትንሽ ቢያንስም እንደ ኤቢኤሱ ግን በመስመር አይሰነጠቅም።

ታሪኩም ደስ ይላል። ካርል ዴካርድ የሚባል ተማሪ ነው በ1980ዎቹ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን ከመምህሩ ከጆ ቢማን ጋር የጀመረው፣ ፓተንቱን (የፈጠራ መብቱን) 1986 አስገብተው 1989 ፀደቀላቸው (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ለረጅም ጊዜ ማሽኑ የትልልቅ ፋብሪካ ብቻ ነበር፣ ከዋና ዋናዎቹ ፓተንቶች አንዱ 2014 ላይ ጊዜው ሲያበቃ ነው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ትናንሽ ማሽኖች መምጣት የጀመሩት። ያም ሆኖ ለኔ ሱቅ አይታሰብም፣ ማሽኑ ብቻ ሳይሆን ዱቄት መንፊያው፣ ማፅጃው፣ የማይቋረጥ መብራቱ፣ ተዉት። ስለዚ ፋይል ልኮ ማሰራት ነው ያለው። አክስቴ ለታይዋን ነጋዴዎች እቃ የምታመጣ ሰው ናት፣ በአመት ሁለቴ ቻይና ጓንጉዙ ትሄዳለች፣ እኔ ፋይሉን ሼንዘን ላለ አንድ ሰሪ ላኩ፣ እዛ ያለ ዘመዳችን ከፈለልኝ፣ እሷ በሻንጣዋ አመጣችልኝ። ዶላር ፍለጋውን ላስታውሳችሁ አልፈልግም።

የመጀመሪያው እሽግ ሲመጣ አክስቴ ቤት ነበር የከፈትኩት፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ። እንዲ ሆነ፦ ነጭ ጠብቄ ግራጫ መጣ። ይሄ የሰሪው ጥፋት አይደለም፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ትልልቆቹ ማሽኖች ካርበን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ነው የሚጠቀሙት፣ የሱን ጨረር ነጭ ናይለን በደንብ ይመጠዋል። ብዙዎቹ ትናንሽ ማሽኖች ግን ሌላ አይነት ሌዘር ነው ያላቸው፣ ያኛውን ጨረር ነጭ ዱቄት አይመጠውም፣ ስለዚ ጠቆር ያለ ዱቄት ይፈልጋሉ። ርካሹን ስመርጥ የትንሹን ማሽን ነው የመረጥኩት። ቀለም የሚያሳስባችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ቀለሙስ ይሁን። ሰሌዳው ላይ ከመብራቶቹ ጎን ፅሁፍ ነበረው፣ ትንሽ ከፍ ብሎ የወጣ፣ ለማማር ብዬ በጣም ቀጭን ፊደል ነበር የመረጥኩት። «ሙሉ» ያልኩት «መለ» ሆኖ መጣ። የሙ እና የሉ ጎን ላይ ያለችው ጭረት ከግማሽ ሚሊሜትር ታንስ ስለነበር ወይ አልወጣችም ወይ ሲያፀዱት በሚነፉበት የመስታወት ቅንጣት ተጠርጋ ሄዳለች፣ የመ ሁለት ቀለበት ደግሞ በዱቄት ተደፍኖ ሁለት ነጥብ መስሏል። የአክስቴ ትንሿ ልጅ ገና ፊደል እየቆጠረች ነው፣ ጮክ ብላ «መ…ለ» ብላ አነበበችው፣ ቤቱ በሳቅ ሞተ፣ እስካሁን ድረስ ስሜ መለ ነው እዛ ቤት። ግን ትምህርቱን ያዙት፣ የላቲን ፊደል የሚያስገቡ ሰዎች የሚሰጡት ልክ ለኛ ፊደል አይበቃም፣ የኛ ፊደል ትርጉሙን የሚቀይረው በአንዲት ጭረት ነው። እኔ አሁን ፅሁፍ የማደርገው ከፍ ያለ ሳይሆን ወደ ውስጥ የተቀረፀ፣ ጭረቱ ቢያንስ 1 ሚሊሜትር ስፋት፣ ጥልቀቱም ወደ 1 ሚሊ፣ ቁመቱ 8 ሚሊ አካባቢ ነው፣ ደማቅ ፊደል። ከዛ በታች ከሆነ ስቲከር ለጥፉ ይሻላል።

ማጠፊያው ጭራሽ አልታጠፈም። በመሀል 0.2 ሚሊሜትር ክፍተት ነበር የተውኩት፣ በክር ፕሪንተር ልምዴ ብዙ መስሎኝ። እዚ ግን ሌዘሩ የነካው ቦታ ሙቀቱ ጎን ያለውን ዱቄትም ትንሽ ያያይዘዋል፣ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ያለው ዱቄት በሁለት በኩል ስለሚሞቅ ሁለቱን አጣብቆ አንድ ነገር አደረጋቸው። በጉልበት ሳጥፈው ተሰበረ። ቀጥሎ የሽቦ መተላለፊያ ብዬ ግድግዳው ውስጥ የሳልኩት 3 ሚሊ ስፋት ያለው የታጠፈ ቱቦ ነበር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዱቄት ጠጥሮበታል፣ በሽቦ ብወጋው፣ በኮምፕሬሰር ብነፋው፣ በመጨረሻ በድሪል ስገባ ግድግዳውን በሳሁት። ግድግዳውም ለራሱ 0.6 ሚሊ ነበር፣ አንዱ ጥግ ላይ እንደ ደረቀ እንጀራ ተቀዷል። ሰፊው ጠፍጣፋ ክዳን ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት ይወዛወዛል፣ መሀሉ አንድ ሚሊ ከፍ ብሏል። ባጭሩ ከከፈልኩበት ውስጥ የሰራው ጥፍሩ ብቻ ነው። ግን ጥፍሩ! መቶ ጊዜ ከፈትኩት ዘጋሁት፣ ቆጥሬ ነው፣ ምንም። ጣራ ላይም ሁለት ሳምንት በፀሀይ አስቀመጥኩት፣ ቅርፁ ንቅንቅ አላለም። ተስፋ ያላስቆረጠኝ እሱ ነው።

በሚቀጥለው ጉዞ አክስቴ ሻንጣ ተሸካሚ ፈለገች፣ እኔን ይዛኝ ሄደች። (ስድስት ቀን ሙሉ ጨርቅና የስልክ ቻርጀር ስሸከም ነው የከረምኩት፣ አንድ ከሰአት ብቻ ነው ለኔ የተሰጠኝ።) ሼንዘን የሰሪዎቹን ቦታ ሄጄ ላያቸው እችላለሁ ወይ ብዬ ፅፌ ነበር፣ ኑ አሉኝ። የገባሁት ማሽኑን ሊከፍቱ ሲሉ ነው። የወጣው እቃ አይደለም፣ አንድ ትልቅ ነጭ የዱቄት ኩብ ነው፣ ኬክ ነው የሚሉት። ልጅቷ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አርጋ በብሩሽ ቀስ እያለች ትቆፍራለች፣ ከውስጡ መጀመሪያ የሆነ ጥርስ ብቅ ይላል፣ ከዛ ሙሉ ጊር፣ ከዛ እጀታ፣ ከዛ የሰው እጅ የሚመስል ነገር፣ የአስር ሰው እቃ በአንድ ኩብ ውስጥ ላይና ታች ተደራርቦ ነው የሚጋገረው። ያኔ ነው ዋጋው የገባኝ፣ ድጋፍ ስለማይፈልግ ክፍሉን በቁመትም ይሞሉታል፣ ስለዚ ትንሽ እቃ ከሰው ጋር ተሻምቶ ርካሽ ይሆናል፣ ብዙ ቦታ የሚይዝ ሳጥን ግን ውስጡ ባዶ ቢሆንም ያስከፍላል። የኔን ቦክስ ሁለት ተገጣጣሚ ግማሽ አርጌ አንዱ አንዱ ውስጥ እንዲቀመጥ ስል ዋጋው በደንብ ወረደ።

በስልክ ትርጉም እየተነጋገርን ስለተጣመመው ክዳኔ ጠየቅኳት። ሁለት ነገር ነገረችኝ። አንዱ፣ ሰፊ ጠፍጣፋ ነገር ተኝቶ ከተጋገረ አንድ ሰፊ ንብርብር ባንዴ ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ናይለን ወደ 3 ፐርሰንት ይሸበሸባል፣ ማሽኑ ቀድሞ አስልቶ ያተልቀዋል ግን አንዱ ጎን ከሌላው ቀድሞ ከቀዘቀዘ ይጣመማል። ዘንበል ተደርጎ መጋገር አለበት፣ ከስሩም አጥንት፣ ማለትም የሚያጠነክረው ወጣ ያለ መስመር፣ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው መቸኮል ነው፣ የጋገሩበትን ያህል ሰአት ወይ ከዛ በላይ ሳይከፈት እዛው ይቀዘቅዛል፣ ትልቅ ማሽን ላይ አንድ ቀን ጋግሮ አንድ ቀን ማቀዝቀዝ ያለ ነው። አስቸኳይ ብላችሁ ጨምራችሁ ስትከፍሉ ከምን ላይ ሊቀንሱላችሁ እንደሚችሉ አስቡት። ለአክስቴ ማታ ሆቴል ስነግራት «ምጣዱ እኩል ካልጋለ እንጀራው ጥጉ ይነሳል አይደል፣ ያው ነው» አለች። ያው ነው በእውነት፣ ክፍሉ አንዱ ጥግ ከቀዘቀዘ ጠርዙ ቀና ይላል፣ ከዛ መጥረጊያው ሲያልፍ ይመታዋል፣ ስራው በሙሉ ይበላሻል።

ሌላም አየሁ። ያልቀለጠው ዱቄት አይጣልም፣ ተነፍቶ ከአዲስ ጋር ይቀላቀላል፣ ግን ብዙ ሰአት ስለጋለ አርጅቷል። ትልልቅ ማሽኖች ላይ ግማሽ በግማሽ ማቀላቀል የተለመደ ነው፣ አንዳንድ ትናንሾቹ 30 ፐርሰንት አዲስ ይበቃቸዋል። አሮጌው ከበዛ የእቃው ላይ ብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ይሆናል፣ ስሙም እራሱ የብርቱካን ልጣጭ ነው የሚሉት፣ ድሬ ልጅ ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም። አንድ ሰሪ ከሌላው በጣም ከረከሰ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይሄ ነው፣ ምን ያህል አዲስ ዱቄት ትቀላቅላላችሁ? የማይመልስ ካለ እለፉት።

አሁን ዋናው ምክሬ። ዋናውን እቃ ከመላካችሁ በፊት የክብሪት ቀፎ የምታክል የሙከራ ቁራጭ ሳሉና እሷን ብቻ አሰሩ። እኔ እዛው ሳለሁ ማታ ሆቴል ቁጭ ብዬ ሳልኩ፣ በማግስቱ ከሌላ ሰው ስራ ጋር አስገቡልኝ፣ ዘመዳችን ተቀብሎ በሰው ላከልኝ። ቁራጯ ላይ አምስት ፒን አለ፣ በቀዳዳቸው ውስጥ ያሉ፣ ክፍተታቸው 0.2፣ 0.3፣ 0.4፣ 0.5፣ 0.6። ግድግዳ ከ0.6 እስከ 2 ሚሊ በደረጃ። ቀዳዳ ከ1 እስከ 5 ሚሊ። «ሙሉ» በአራት መጠን። እና አንድ ጥፍር። 0.2 እና 0.3 ተጣብቀው መጡ፣ 0.4 በፒንሳ ገፋ ሲደረግ ለቀቀ፣ 0.5 ነፃ ነው፣ ስለዚ ለሚታጠፍ ነገር 0.5 ያዝኩ፣ ተነጣጥለው ተጋግረው ኋላ ለሚገጣጠሙ ነገሮች ግን 0.3 ይበቃኛል። ግድግዳ 1 ሚሊ ቆመ፣ ቦክሴን 2 አረኩት። ልኩ ከሳላችሁት 0.3 ሚሊ ወዲያ ወዲህ ሊል እንደሚችል አስባችሁ ሳሉ። ከናንተ ሰሪ ከናንተ ማሽን የወጣችው ቁራጭ ናት እውነቱን የምትናገረው፣ የኔን ቁጥር ቀድታችሁ ብቻ አትላኩ። ለቁራጯ የከፈልኩት ለመጀመሪያው እሽግ ከከፈልኩት አስር እጅ ያንሳል፣ ቀድሜ ባደርጋት ኖሮ አንድ ወር የሱቅ ኪራይ ይተርፈኝ ነበር።

በሁለተኛው ዙር የሽቦ ቱቦውን ክፍት ቦይ አረኩት፣ ዱቄት የሚጠጥርበት ቦታ የለም። ቱቦ የግድ ከሆነባችሁ ሁለት ጫፉ ክፍት ይሁን፣ ቀጥ ይበል፣ 5 ሚሊ ይሁን። ውስጡ ባዶ የሆነ ዝግ ነገር ከሳላችሁ ደግሞ ዱቄቱ እዛው ታስሮ ነው የሚመጣላችሁ፣ ማውጫ ቀዳዳ ሁለት ተዉለት፣ አንዱ አየር ያስገባ። ክዳኑን ትንሽ ጎበጥ አርጌ ከስሩ አጥንት ሰራሁለት፣ ዘንበል አርጋችሁ ጋግሩ ብዬም ፃፍኩ። የጥፍሩን ስር አዞርኩት፣ ቀጥ ያለ ጥግ ካለ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዛ ነው። ሰርኪዩቱ የሚታሰርበት ቦታ ላይ የነሀስ ዳዶ በብየዳ ብረት ሙቀት አስገባሁ፣ ናይለኑ ላይ በቀጥታ ቪቴ ብታስሩም ይይዛል፣ ደጋግማችሁ ስትፈቱት ግን ይላላል። አንድ ነገር ደግሞ፣ ለሰሪ የምትልኩት ኤስቲኤል የሚባለው የስእል ፋይል የመለኪያ አሀድ አይዝም፣ ሚሊሜትር ነው ብላችሁ በፅሁፍ ካልነገራችሁ ኢንች መስሏቸው እቃችሁ 25 እጅ ሊያድግ ይችላል፣ በኔ አልደረሰም ግን ለጥቂት ነው፣ ዋጋው አስደንግጦኝ ነው የነቃሁት።

መጣ። ገጠመ። ታጠፈ። «ሙሉ» ሙሉ ነው። ያቺ ልጅ እንደገና አነበበችው።

ከመጣ በኋላ ያለው ስራም አለ። እቃው ከማሽን ሲወጣ በመስታወት ቅንጣት ይነፉታል፣ ያም ሆኖ ላዩ ስኳር የነካው ይመስላል፣ ሻካራ ነው፣ ትንፋሽም አለው። ድሬ አቧራ ላይ አንድ ሳምንት ከቆየ አይለቅም። ስለዚ ወይ ቀለም አስነክሩት ወይ ቀቡት። ግራጫው ጨለማ ቀለም ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ለሁለተኛው ዙር ነጩን ስላሰራሁ አማራጭ ነበረኝ። ሰሪው ያስከፈለበት ጥቁር ነበር፣ እኔ ቀይ ፈለኩ። አክስቴ «አለላ እንደምንነክረው ንከረው» አለች፣ ሀረር የተማረችው ነው፣ ለስፌት የሚሆነውን ሳር በፈላ ቀለም እየነከሩ ነው የሚያቀሉት። ናይለን በሙቅ ውሃ አሲድ ገብቶበት ቀለም እንደሚይዝ አንብቤ ነበር፣ ያው የሷን ዘዴ ሆነ፦ አሮጌ ድስት፣ የገበያ የዱቄት ቀለም፣ ትንሽ አቼቶ፣ ሊፈላ ሲል እቃውን ከተን እያገላበጥን ግማሽ ሰአት ያህል። መጀመሪያ በሙከራ ቁራጯ ሞከርን፣ ደህና ሆነ። ቦክሱን ስንከት ግን አንዱ ጎን የድስቱን ስር ነክቶ ስለቆየ ጠቆር ያለ ፊት አለበት፣ ለኔ ምንም አይደለም። ድስቱን ምግብ አትስሩበት፣ አክስቴ ለአበባ መትከያ አርጋዋለች። ጣራ ላይ ለሚውለው ግን ቀለም መንከር አይበቃም፣ ናይለን በፀሀይ ጨረር እየቆየ ይደርቅና ይሰባበራል፣ እኔ በመኪና ስፕሬይ ሁለት እጅ ቀባሁት፣ ትንፋሹንም ይዘጋዋል፣ ዝናብም ላዩ ላይ ይንሸራተታል። መጋጠሚያው ላይ ጉርኒሲዮን አስገባሁ፣ ናይለኑ ብቻውን እንፋሎት አይመክትም።

ዱቄት ከውስጡ የምታፀዱ ከሆነ ደግሞ ውጪ አድርጉት፣ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ሲጋራና ከሰል ያለበት ቦታ አትንፉት። የሚነድ ነገር የላመ ዱቄት አየር ላይ በኖ እሳት ካገኘ ሊፈነዳ ይችላል፣ ወፍጮ ቤት እሳት የሚከለክሉት ለዛ ነው። እኔ በአላዋቂነት በኮምፕሬሰር ሱቅ ውስጥ ነፍቼ ጠረጴዛው፣ ቻርጀሩ፣ ፀጉሬ ሁሉ ነጭ ሆኖ ነው የዋልኩት፣ ብየዳ ብረቱ ጎኔ ግሎ ተቀምጦ፣ እግዜር ነው ያወጣኝ።

ለሁሉ ነገር ግን ይሄን አሰሩ አልልም። ቅርፁን ለማየት ብቻ ከሆነ ተራው ፕሪንተርና ፒኤልኤ በቂ ነው፣ እኔም ዛሬ ድረስ መጀመሪያ በሱ ነው የምገጥመው፣ ልክ መሆኑን ካየሁ በኋላ ነው ለዱቄት የምልከው። መስታወት የመሰለ ወይም የሚያንፀባርቅ ነገር ከፈለጋችሁ ዱቄት አይሆንም። ሀያ ሰላሳ ፍሬ አምሮ እንዲወጣ ከፈለጋችሁ ከአንድ ናሙና የሲሊኮን ፎርማ ወስዶ ማፍሰስ ሊረክስ ይችላል፣ አንድ ፎርማ ሀያ ገደማ ያወጣል። በሺ ከሆነ ያው የብረት ፎርማ ነው፣ መሸሽ የለም። ዱቄቱ ልክ የሚሆነው የሚታጠፍ፣ ጠቅ የሚል፣ ሙቀት የሚችል ነገር አንድም አምስትም አስርም ስትፈልጉ ነው።

ሁለተኛው ቦክስ አሁን ሰባተኛ ወሩ ነው ጣራ ላይ። ለጋሼ አንዱን ተርፎ የነበረ ጥፍር ወስጄ ሰጠኋቸው፣ አጠፉት፣ ለቀቁት፣ እንደገና አጠፉት፣ «ከዱቄት ነው ያልከኝ?» አሉና መሳቢያቸው ውስጥ ከነጩ ቦኮላ ጎን አስቀመጡት፣ አልመለሱልኝም። የአክስቴ ጎረቤቶች አስራ ሁለት አዘዋል፣ ቦክሱን ለአስራ ሁለቱም በአንድ ኬክ ውስጥ እንዴት እንደማስገባ እየሳልኩ ነው። የሙከራ ቁራጯን ፋይል የሚፈልግ ታይዋን መጥቶ ፍላሽ ይዞ ይምጣ፣ በነፃ ነው፣ እሁድ ግን ዝግ ነኝ።